ደመወዝ የሌለው ባለሱቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ከመቀጠር የራስ ሱቅ ይሻላል» የሚለው ምክር በዝቷል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ሒሳቡ ግን ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው።

እንበል አንድ የሰፈር ሱቅ በቀን 5,000 ብር ይሸጣል፤ ከሽያጩ 12 በመቶ ያተርፋል። በ26 ቀን 15,600 ብር መሆኑ ነው። ኪራይ 7,000፣ መብራትና የዕቃ ማጓጓዣ 1,600 ሲነሳ 7,000 ብር ይቀራል። ባለሱቁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከቆመ የሰዓቱ ዋጋ 19 ብር ገደማ ነው። ለራሱ ደመወዝ ስለማይቆርጥ ግን ሁሉንም «ትርፍ» ይለዋል። የተቀጣሪው መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ ለጡረታውም ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። ይህን ከሒሳቡ የሚያስገባ ሰው አላየሁም።

ከሁሉም የሚብሰው ዱቤ ነው። በ1,000 ብር የገባ ዘይት በ1,120 በዱቤ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ወር ቆይቶ ሲመለስ የማከፋፈያ ዋጋው 1,150 ደርሷል። ደብተሩ ላይ 120 ብር ትርፍ አለ፤ ዘይቱን ለመተካት ግን 30 ብር ይጎድላል። 50 ኪሎ ስኳርም በችርቻሮ ተመዝኖ 49 ከወጣ 2 በመቶው ከትርፉ ላይ ሄደ ማለት ነው።

ሥራ ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የራሱን ደመወዝ ወጪ ብሎ ይመዝግብ። ዱቤውም ከአንድ ሳምንት ትርፍ አይለፍ፤ የጎረቤት ይሉኝታ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው።

ከአንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ