ግልጽ ደብዳቤ ለጤና አገልግሎት ኃላፊው፦ እንባዋን ማሽኑ አላየም

ክቡር ኃላፊ፣

ስለዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። ለሁለቱ ደብዳቤዎች መልስ አላገኘሁም፤ ለሦስተኛው የደረሰኝ «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። እኔ ግን ዛሬም ሁለት የቀዶ ጥገና ክፍል ደርቤ እሠራለሁ። አዲሱ ማሽን የአንጎልን ሞገድ እያነበበ የሰመመን መድኃኒቱን ራሱ መጥኖ ስለሚሰጥ፣ ባለሙያው እየተመላለሰ ቢያይ ይበቃል ብላችኋል።

አይበቃም። ያየሁትን ልንገርዎ።

ከሁለተኛው ክፍል ተጠርቼ ስመለስ ማሽኑ መጠኑን ደጋግሞ ጨምሯል፤ የሰጠውም መድኃኒት በስክሪኑ ላይ በሚሊግራም ተቆጥሮ ተቀምጧል። የበሽተኛዋ ልብ ግን ይጋልባል። ጎንበስ ስል፣ በፕላስተር ከተሸፈነው ዓይኗ ጥግ እንባ ወደ ጆሮዋ እየወረደ ነው። ጨርቁን ገለጥኩት። ክንዷ አብጧል፤ ቆዳው ተወጥሮ ቀዝቅዟል። መርፌው ከደም ሥሯ ወጥቶ መድኃኒቱ ሥጋዋ ውስጥ ሲፈስ ቆይቷል። ማሽኑ የገፋውን መጠን እንጂ የት እንደደረሰ አያውቅም። ጡንቻን የሚያዝለው መድኃኒት ግን ቀድሞ ሠርቶ ስለነበር መጮህም ሆነ ጣቷን ማንቀሳቀስ አትችልም።

ወዲያው በጋዝ አስተኛኋት፤ በሌላኛው ክንዷም አዲስ መስመር ከፈትኩ። በማግስቱ አልጋዋ አጠገብ ስቆም «ሲጠሩዎት ሰማሁ፤ የት ሄደው ነበር?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እስካሁን ይቅርታ የጠየቃት የለም። መዝገቧም «ያለ ችግር ተጠናቀቀ» ይላል!

የማሽን ጠላት አይደለሁም። የበሽተኛው ኦክስጅን ቀንሶ የመለኪያው ድምፅ ሲወፍር ጀርባዬን ሰጥቼም ቢሆን እሰማዋለሁ፤ ብዙ ሰው አትርፎልኛል። መድኃኒት የሚመጥነውም ማሽን ከደከመ እጅ ይልቅ የተረጋጋ ነው። አጠገቡ ሰው ይኑር ነው የምለው። ይህንንም እኔ አላመጣሁትም። በ1986 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ሆስፒታሎች ያወጡት መመሪያ የሰመመን ባለሙያው ከክፍሉ እንዳይለይ ያዛል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሰመመን ባለሙያዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት መስፈርትም የሠለጠነ ባለሙያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሽተኛው ዘንድ እንዲኖር በጥብቅ ያሳስባል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

የሁለት ክፍል ምደባውን በጽሑፍ ይሰርዙ። የዚያችም ሴት መዝገብ ይታረም፤ የሆነባትን ከእናንተ ከአንዳችሁ አንደበት ትስማ። ነገ ጠዋትም ሁለት ክፍል ተመድቤያለሁ፤ በአንደኛው የሚተኛው የአራት ዓመት ልጅ ነው።

አንዲት የሰመመን ባለሙያ