የሱቅ ውል ክርክር፦ ስለ ጠበቃ ወጪ እሁድ እንሰብሰብ

የቱሉ ዲምቱ የሱቅ ተከራዮች፣ ጤና ይስጥልን። የውል እድሳቱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ከመግባቱ በፊት የጠበቃና የዳኝነት ክፍያውን እንዴት እንደምንካፈል መወሰን አለብን። እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከሕንፃው ጀርባ ጀበና ቡናው ጋ እንገናኝ።

«ካሸነፍን ወጪያችን ይመለሳል» የምትሉ አላችሁ። ፍርድ ቤቱ ተሸናፊው ወጪ እንዲተካ ማዘዝ ይችላል። መጠኑን የሚቆርጠው ግን ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። ለጠበቃ የከፈልነው ሁሉ ላይመለስ ይችላል። ከተሸነፍን ደግሞ የአከራዩም ወጪ እኛ ላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከጠበቃው ጋር በጽሑፍ እንዋዋል፤ ያለ ደረሰኝ አንዲት ብር አንክፈል። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ሽማግሌ ብንልክ ደስ ይለኛል።

የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለሱቅ አይሠራም። እሱን ተማምናችሁ እንዳትዘናጉ።

የኪራይ ውላችሁን፣ የባንክ ደረሰኞችንና የደረሳችሁን ማስጠንቀቂያ ኮፒ ይዛችሁ ኑ። ውሉ ካለቀ በኋላ ለከፈላችሁት ኪራይ ደረሰኝ ካላችሁ በምንም ዓይነት እንዳትረሱት፤ ለክርክራችን በጣም ይጠቅመናል።

መምጣት የማይመቸው በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው ይላክ። እስከ ዓርብ ማታ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» ብላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።