ለሱዙ ጨው ሠሪዎች የቀረበ ምስጋና

የተከበራችሁ የሱዙ ጨው ሠሪዎችና የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣

በጃፓን ኖቶ ልሳነ ምድር ጫፍ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማችሁ ስለተቀበላችሁን፣ ይልቁንም ሙያችሁን ሳትሰስቱ ስላሳያችሁን ከልብ እናመሰግናለን። እግዜር ይስጥልን።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእናንተ የአዲስ ዓመት ዕለት፣ መጠኑ 7.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ቤት ብቻ አላፈረሰባችሁም፤ የሰሜኑን ዳርቻ ምድር ቦታ ቦታውን እስከ 4 ሜትር ገደማ ወደ ላይ አንሥቶ ባሕሩን አራቀባችሁ። ኑሮው ባሕር ቀድቶ ለሚያድር ሰው ከዚህ የከፋ ምን አለ? መስከረም 2017 ላይ ደግሞ ጎርፍና ናዳ ተጨመረ። ይህ ሁሉ ወርዶባችሁ ባልዲ ማንሣታችሁን እናከብራለን።

አጌሃማ የሚባለው ሥራችሁ ጥንቃቄው ብዙ ነው። የባሕሩ ውሃ በጭቃ በተደለደለ መሬት ላይ በተነጠፈ አሸዋ ይረጫል። ሲረጭ እንደ ካፊያ ተበትኖ መውረድ አለበት፤ በአንድ ቦታ ከወደቀ አሸዋውን ይቦረቡረዋል፣ አደራረቁም ይዛነፋል። «መቅዳት 3 ዓመት፣ መርጨት 10 ዓመት» የምትሉትም ለዚሁ ነው። አሸዋው በጥርሳም መቧጠጫ እየተፈለፈለ ፀሐይ ሲመታው ጨዉ ከእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ ይጣበቃል። ያን ጊዜ አሸዋው ሜዳው መሐል በሚገጠመው የእንጨት ሣጥን ተሰብስቦ ሌላ የባሕር ውሃ ይፈስበታል፤ ከሥር የሚንጠባጠበው እጅግ ጨዋማ ውሃ በሰፊ ብረት ምጣድ በእንጨት እሳት ይፈላል፣ ቀዝቅዞ ይጣራል፣ ዳግም ለረጅም ሰዓት ይነድድበታል። ጨዉ ሲወጣ የሚቀረው መራራ ፈሳሽ፣ ኒጋሪ፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ለማርጋት ይውላል። አሸዋው ተመልሶ ይነጠፋል። በመሐል ዝናብ ከጣለ ግን የዕለቱ ድካም ታጥቦ ይሄዳል።

ልትጎበኙ የምታስቡ ወገኖች፣ ሥራው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ሞቃት ወቅት ነው፤ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ሂዱ። እስከ ካናዛዋ በፈጣኑ ባቡር ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ መኪና ይሻላል። በባሕሩ ዳር የሚያልፈው ጎዳና 249 ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር ከመነሣታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አጣሩ፤ ምሽት ሳይመጣ ተመለሱ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ የተነጠፈውን አሸዋ አትርገጡ፣ የፈረሰ ቤት ፊት ቆማችሁ ፎቶ አትነሡ። ጨዉን ደግሞ ከሠሪዎቹ እጅ ግዙ።

በጃፓን የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንግዶቻችሁ