የቴክኒክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ቶርኖው እንዴት ተነሳ

በዚህ ዓመት ክበባችሁ ምን ሠራ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ብረት የሚቀርጸውን ማሽን፣ ቶርኖውን፣ አስነሳን። ሌላ ሥራ አልነበረም ማለቴ አይደለም። እግራቸው የተነቀለ 31 ወንበሮችን በይደናል፣ የቤተ መጻሕፍቱን መብራት ጠግነናል፣ ለሳይንስ ኤግዚቢሽኑም እንደ ወትሮው ጠረጴዛችንን ይዘን ቀርበናል። ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት የአርብ ከሰዓታችንን የወሰደው ወርክሾፑ ጥግ ያለው ያ አሮጌ ማሽን ነው። ስለዚህ ስለ እሱ ልጻፍ።

አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ብረት እየቀረጸ ሳለ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ማጉረምረም ጀመረ። ጉልበቱም ቀነሰ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽን አንዴ ያሸተተ ሰው ሽታውን አይረሳውም። ሮጬ ዋናውን ማብሪያ አጠፋሁ። ማሽኑን የሚያዞረው ሞተር፣ ዲናሞው፣ ግን ተቃጥሏል።

ልጆቹ ወዲያው "ቲቸር፣ ሌላ ይገዛ" አሉ። የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ እሱ ነው። ግን ለምን እንደተቃጠለ ሳናውቅ አዲስ ብናስገባ እሱም በዚያው መንገድ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ፈተን አወረድነው፣ ጋሪ ላይ ጫንነው፣ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ተክለ ሃይማኖት ይዘነው ሄድን። እዚያ ዲናሞ የሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት ባለሙያ አሉ። አምስት ተማሪዎች አብረውኝ ነበሩ።

ጋሼ ክዳኑን ከፍተው ወደ ብርሃኑ አዞሩትና ልጆቹን "ቁጠሩ" አሏቸው። ሁለት ጥቁር፣ አንድ ቀይ። እንደገና ሁለት ጥቁር፣ አንድ ቀይ። ዙሪያውን እንደዚያ ነው። የሁለቱ ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) ጥቅልሎች ከስለዋል፣ የሦስተኛው ፌዝ መዳብ ግን ምንም አልሆነም። እኔ ይሄንን በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ አስተምሬዋለሁ፤ እንዲህ ፊት ለፊት ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ዲናሞ ቆሞ ሳለ አንዱ ፌዝ ቢጠፋበት ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። እየዞረ ሳለ ቢጠፋበት ግን መዞሩን ይቀጥላል፣ ክፉውም ይሄ ነው። ጭነቱ ካልቀነሰ በቀሩት ሁለት መስመሮች የሚሄደው ከረንት ወደ 1.7 እጥፍ ያድጋል። እንደ እኛው በስታር የታሰረ (የሦስቱ ጥቅልሎች አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ቦታ የተገናኘ) ከሆነ ሁለቱ ጥቅልሎች ይነዳሉ፣ ሦስተኛው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ዲናሞው የሞተበትን ምክንያት በራሱ ላይ ጽፎታል ማለት ነው።

ማስጠቅለል አይቻልም ወይ ብለን ነበር። ጋሼ አልመከሩንም። ከዚህ በፊት ተጠቅልሏል፣ ኩሽኔታው (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ክፍል) የሚቀመጥበት ቦታም ተበልቶ መሐል ላይ የሚዞረው ክፍል ዙሪያውን ሲፍቅ ኖሯል። ሊያተርፉበት ይችሉ ነበር፤ እውነቱን ነገሩን። በዚሁ አጋጣሚ በልጆቹ ስም አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያ ጥፋቱን ፍለጋ ወደ ወርክሾፑ ተመለስን። መስመሩ ከዋናው ተዘግቶ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በቴስተር ከቆጣሪው ጀምራ እያንዳንዱን መገናኛ ፈተሸች። ሁለት አርብ ፈጀባት። የቶርኖው የድሮ የእጅ ማብሪያ ውስጥ ከሦስቱ መገናኛዎች አንዱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል፣ ብሎኑም ላልቷል። ሁለቱ ላይ ቴስተሩ ይጮሃል፤ ሦስተኛው ላይ አንዴ ይጮሃል፣ አንዴ ዝም። ዲናሞውን የገደለው አንድ የላላ ብሎን ነው! ጭነት ሲበዛ የሚቆርጥ መከላከያም አልነበረውም። ይሄ ባይገኝ ኖሮ አዲሱም አንድ ዓመት አይቆይም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ትንሽ ወጣ ልበል። ልጆቹ ሥራውን ሲሠሩ የሚጠሯቸው ስሞች ቶርኖ፣ ፑሌጅ (ቺንጋ የሚዞርበት መንኮራኩር)፣ ቺንጋ (ጉልበት የሚያስተላልፈው ቀበቶ)፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ ናቸው። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ማሽኑ የእንግሊዝ ነው፣ አዲሱ ዲናሞ የቻይና ነው፣ የሚጠገነው በአማርኛ ነው። አንድ ተማሪ እነዚህን ቃላት ሰብስቦ በደብተሩ እየጻፈ ነው፤ 40 ደርሷል። ሳያቋርጥ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ።

ግዢው ረጅም ነበር። ገንዘቡን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ፈቀደልን፣ ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ ግን የእኛ ሥራ ሆነ። መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ ዋጋው በጣም የሚስብ 2.2 ኪሎዋት ዲናሞ አሳየን፤ ጉልበቱ ከአሮጌው 3 የፈረስ ጉልበት ጋር እኩል ነው። ልከፍል ስል አንዱ ልጅ ታርጋውን አንብቦ ክንዴን ያዘኝ። 2840 ዙር በደቂቃ ይላል። የእኛ 1420 ነበር። ይሄ ባለ ሁለት ፖል (የማግኔት ዋልታ) ነው፣ የእኛ ባለ አራት ፖል። በ50 ኸርዝ መብራት ሁለት ፖል ወደ 3000 ይጠጋል፣ አራት ፖል ወደ 1500። ያንን ብንገጥም ቶርኖው በሁሉም ማርሽ ከተሠራበት በእጥፍ ይፈጥን ነበር። አሮጌ የብረት ቻክ (የሚቀረጸውን ብረት የሚይዘው ክፍል) በእጥፍ ፍጥነት ሲሽከረከር ፊቱ የሚቆመው የእናንተ ልጅ ነው። በመጨረሻ ባለ 1420ውን ሌላ ሱቅ አገኘን።

አሁን የተቸገርንበትን ልንገራችሁ። የአሮጌው ዲናሞ ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) በኢንች ነው፤ አንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 28.575 ሚሊሜትር። የአዲሱ ልክ 28 ነው። አሮጌው ፑሌጅ ያለ ምንም ትግል ገባ፣ ልጆቹም አጨበጨቡ። ካሊፐሩን ሰጠኋቸውና ለኩት አልኳቸው። ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ክፍተት አለ። በእጅ ሲነኩት ይወዛወዛል። በዚያ ሁኔታ ቢሠራ ቺንጋውን ይበላል፣ ኩሽኔታውን ይመታል። መሙያ ቀለበት እንዳንሠራለት ደግሞ ውፍረቱ 0.3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አዲስ ፑሌጅ መቀረጽ አለበት፣ የሚቀርጸው ቶርኖ ነው፣ የእኛ ቶርኖ ዲናሞ የለውም። ውጭ ቶርኖ ቤት አሠራነው። ውጫዊ ልኩን ከአሮጌው ጋር አንድ አድርጉልን ብለን አደራ አልን፣ ፍጥነቱ እንዳይለወጥ።

የእግሩ ቀዳዳዎችም አልገጠሙም። 10 ሚሊሜትር ላሜራ ቆርጠን መቀመጫ ሠራንለት፣ ቺንጋ ለመወጠር እንዲንሸራተት ቀዳዳዎቹን ረዘም አደረግን። ሁለቱን ፑሌጆች ክር ወጥረን አስተካከልን። ቺንጋዎቹን ሁለቱንም አብረን ቀየርን፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ጭነቱን እኩል አይካፈሉም።

ኤሌክትሪኩን የገጠመው የትምህርት ቤታችን ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ልጆቹ ቆመው አይተዋል። የዲናሞው ሳጥን ውስጥ ስድስት ብሎኖችና ሦስት ትናንሽ የመዳብ ድልድዮች አሉ። ድልድዮቹ አግድም ሲሰለፉ ስታር፣ ቁልቁል ሲቆሙ ዴልታ (ጥቅልሎቹ ጫፍ ለጫፍ እንደ ሦስት ማዕዘን የሚያያዙበት) ይሆናል። ታርጋው ለ380 ቮልት ስታር ይላል። በስህተት በዴልታ ቢታሰር እያንዳንዱ ጥቅልል ለ220 ተሠርቶ 380 ይደርሰዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። አዲስ ኮንታክተር፣ ማለትም በቁልፍ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ እና ጭነት ሲበዛ የሚቆርጥ ኦቨርሎድ ሪሌም ገባ፣ ሪሌው በታርጋው መሠረት 5 አምፒር ላይ ተስተካከለ። ኮንታክተሩ ሌላም ጥቅም አለው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ አይነሳም፤ ሰው ቁልፉን መጫን አለበት። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ፣ እጁን ቻኩ ላይ ያደረገ ልጅ ባለበት ክፍል፣ ከዚህ የሚበልጥብኝ ዕቃ የለም።

የመጀመሪያው ሙከራ ቺንጋ ሳይገባ ነበር። ጥሩ አደረግን፣ ምክንያቱም ዲናሞው ወደ ኋላ ዞረ። የዚህ ቶርኖ ቻክ እንደ ብሎን በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው፤ በተቃራኒ በድንገት ቢነሳ ተፈትቶ ሊወድቅ ይችላል። ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን አቀያየርን፣ ተስተካከለ። ቀጥሎ ቺንጋውን አስገባን። ግንቦት ላይ፣ አርብ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ጥፋቱን ያገኘችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቁልፉን ተጫነች። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር። ማንም አላጨበጨበም፣ ሁሉም እያዳመጠ ነበር።

አሁን አራት ተማሪዎች የብረት ፊት ማስተካከልና ቀጥ ያለ ቅርጽ ማውጣት ይችላሉ። ለመጪው ዓመት የብሎን ጥርስ አወጣጥ እንጀምራለን። መነጽር ሳያደርግ፣ የሹራቡን እጅጌ ሳይሰበስብ፣ ፀጉሯን ሳታስር ወደ ማሽኑ የሚቀርብ ወይም የምትቀርብ የለም፤ የቻኩን መፍቻ ቻኩ ላይ ትቶ የሄደ የዚያን ዕለት አይሠራም። ወላጆችም ቤት ውስጥ ይሄንን ብትደግሙልኝ ደስ ይለኛል።

አሮጌውን ዲናሞ አልሸጥነውም። ጎኑን በመጋዝ ከፍተን እንጨት ላይ ቸክለነዋል። መስከረም ላይ ወርክሾፑ በር አጠገብ ታገኙታላችሁ። ወደ መስኮቱ አዙራችሁ ቁጠሩ፤ ቀዩ በእያንዳንዱ ሦስተኛ ላይ ነው።