የእህል መንገድ ይከፈት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የጤፍ ዋጋ በናረ ቁጥር «ነጋዴው ደብቆት ነው፤ መንግሥት ዋጋ ይተምን፤ መጋዘኖች ይታሸጉ» የሚሉ አስተያየቶች በጋዜጣችሁ ይወጣሉ። እኔ ከጎጃም ጤፍና ስንዴ እያስጫንሁ አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ ገበያ የማራግፍ ነጋዴ ነኝ። ጸሐፊዎቹ የሚመኙት ሥርዓት በአገራችን ተሞክሮ ሕዝብን ያስመረረ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልሁም።

በደርግ ዘመን መንግሥት እህሉን በቆረጠው ዋጋ ይገዛ ነበር። የገበሬ ማኅበራት የኮታ ድልድል ይደርሳቸዋል፤ እህል በኬላ ይያዛል፤ ነጋዴውም «የኢኮኖሚ አሻጥር ሠራህ» ተብሎ ይታሰራል። አባቴ ቢቸና አካባቢ ያርስ ነበር። ዝናብ አጥሮ ምርቱ ባነሰበት ዓመት ወይፈኑን ሸጠ፤ በዚያ ገንዘብ ከሌላ ገበሬ ጤፍ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ አስረከበ። ኮታ ለመሙላት እንዲህ ያደረጉ ገበሬዎች ብዙ ነበሩ። በርካሽ እንደሚወሰድበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለቤቱ ከሚበቃው በላይ ለምን ብሎ ያርሳል? በ1982 ዓ.ም. መንግሥትም ግለሰብም የሚሠራበት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታውም፣ የተቆረጠው ዋጋም፣ የእህል ኬላውም ቀረ። እኔም ወደ ንግዱ የገባሁት ያን ጊዜ በተከፈተው መንገድ ነው።

«መደበቅ» ስለሚባለው ነገር በደንብ መነጋገር ይኖርብናል። ገበሬው ጤፉን ወቅቶ ጥርና የካቲት ላይ ገበያ ያወጣል፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት። በዚያ ወቅት ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። አዲስ አበባ ግን ሐምሌና ነሐሴም እንጀራ ትበላለች። የየካቲቱን ጤፍ ለነሐሴ የሚያቆየው ማን ነው? መጋዘን ተከራይቶ፣ ብሩን በጆንያ አስሮ፣ ዋጋ ቢወድቅ ኪሳራውን ሊሸከም የተዘጋጀ ሰው ነው። መጋዘኑን ሚያዝያ ላይ አሽጋችሁ እህሉን በትእዛዝ ብታሸጡት ለአንድ ወር ይረክስ ይሆናል፤ ነሐሴ ላይ ግን የሚሸጥ አይኖርም፤ በሚቀጥለው ዓመትም የሚያከማች አይገኝም። ልጄ ኢኮኖሚክስ ሲማር እንዳነበበልኝ፣ ስኮትላንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. በእህል አከማቺ ላይ ያለውን የሕዝብ ጥርጣሬ ከጠንቋይ ፍራቻ ጋር አነጻጽሮት ነበር። ያን ያህል ዘመን አልፎም ፍራቻው አለቀቀንም።

ነጋዴ ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም። ሚዛን የሚያጎድል አለ፤ ጤፍ ውስጥ አሸዋ የሚቀላቅል አለ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባለሥልጣን ዘንድ ሄዶ «ፈቃዱ ለእኔ ብቻ ይሰጠኝ፣ ሌላው ይከልከል» የሚለው ነው። ሕጉ በእነዚህ ላይ ይበርታ፤ ሚዛናችን ሳይነገረን ይፈተሽ። ለተቸገረውም መንግሥት ከግምጃ ቤቱ በይፋ ይርዳ፤ በሴፍቲኔት እንደሚደረገው ገንዘቡን በእጁ ይስጠው። የከተማውን ድሀ የመደገፍ ሸክም ከእሱ ያልተሻለ ኑሮ ባለው ገበሬ ጫንቃ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው።

ስለ ንግድ ሲጻፍ የሚረሳ ሌላ ነገር አለ። እህል በረንዳ ላይ ከጉራጌው፣ ከስልጤው፣ ከኦሮሞው ጋር እንሠራለን፤ እኔ ስጾም ሙስሊሙ ባልንጀራዬ ያውቃል፣ እሱ ረመዳን ሲይዝ እኔ አውቃለሁ። አንድ መኪና ሙሉ እህል በስልክ ቃል ብቻ ይላካል፤ ሂሳቡ ከተሸጠ በኋላ ይወራረዳል። የቸገረው ዕቁብ አስቀድሞ ይወስዳል፣ ሌላው ይታገሠዋል። ይህን መተማመን በመመሪያ ያዘዘን የለም፤ ነገም ስለምንገናኝ ያዳበርነው ነው። ቃሉን የበላ ሰው ዳግመኛ የሚጭንለት አያገኝም።

ያን ጊዜ ቀረ ያልሁት ኬላ እንደገና ሲበዛ የሚበላሸው ይህ መተማመን ነው። መኪና ቆሞ በሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያተርፈው እህል የሚያውቅ ነጋዴ ሳይሆን ኬላ ጠባቂውን የሚያውቅ ነው። ቃሉን የሚያከብረው እየተወ ይወጣል፤ ጉቦ የለመደው ይቀራል። ለሾፌሩ የአዳር ውሎ አበል፣ በየኬላው ገመድ የሚከፈለው ሁሉ ተደምሮ መጨረሻ ላይ እንጀራ ጋጋሪዋ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ «ነጋዴው አስወደደ» ይባላል!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በመረጠው የኢኮኖሚ ሥራ የመሰማራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 51 ደግሞ በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመምራት ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ስለዚህ የሚመለከታቸውን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የቢቸና፣ የአድዓና የምንጃር የጤፍ ዋጋ በየዕለቱ በሬዲዮ ይነገር፤ ገበሬውም ሸማቹም እኩል ይወቀው። በተረፈ መንገድ ላይ ገመድ ዘርግቶ እህል የሚያስቆም ሁሉ በየትኛው ሕግ እንደሚያስቆም በጽሑፍ ያሳየን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የእህል ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ