ለባድመው ልጅም ቀን ስጡት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ስለ መታሰቢያ ቀን ያወጣችሁትን አነበብኩ። ደስ ብሎኛል፣ ግን አንድ ነገር ሆዴን በላው። የካቲት 23 አድዋን እናከብራለን፣ ሚያዝያ 27 አርበኞችን። የካቲት 12 ደግሞ በ1929 ግራዚያኒ ያስጨረሳቸው ይታሰባሉ። እሰየው። ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ባድመና ፆረና የቀረው ወታደርስ? ሥራ ተዘግቶ የሚታሰብበት ቀን የለውም እኮ!

ታላቅ ወንድሜ በ1991 ሄደ። መርዶው የመጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያውም በአንዲት ብጣሽ ወረቀት። የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቴ የሞተበትን ቀን ስለማታውቅ የተሸኘበትን ቀን ይዛ በየዓመቱ ጠበል ጸዲቅ ታደርጋለች፤ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለውና ከዳቦው አጠገብ ታቆመዋለች፣ ጎረቤት ቡናውን ሲጨርስ መልሳ ትሰቅለዋለች። ምስማሩ ላልቷል፣ አስተካክልልኝ ካለችኝ ስንት ጊዜዋ (ጥፋቱ የኔ ነው)።

ዓባይ ዳር ያለው የሰማዕታት ሐውልት ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት ነው። አልቃወምም። ግን እናቴን እዚያ ወስጄ «ያንቺም ልጅ እዚህ አለ» ልላት አልችልም። በደርግ ጊዜ ዘምቶ የቀረ ልጅ ያላት ጎረቤታችንማ ጭራሽ አፏን አትከፍትም፤ የሱ ሞት በየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ማን ይነግራታል?

ሐውልት ይሠራልን አላልኩም። ማን አዘመተው ሳይባል የሁሉም ስም የሚነበብበት አንድ ቀን ይኑር። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ቶሎ ቢሆን ይሻላል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር