በነቢያት ጾም የተደገሰ ሠርግ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰሎሞን፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንደ ድሮው ደብዳቤያችን «ከናፍቆትህ በስተቀር» ልል ብዕሬን አነሣሁና ተውኩት። ከሰባት ዓመት በላይ አንዲት መስመር ሳይጽፍ የከረመ ሰው ስለ ናፍቆት ሲያወራ ማን ያምነዋል?

የምጽፍልህ ስለ ስታር ዋርስ ፊልሞቹ ጀግና፣ ስለ ሉክ ስካይዎከር ነው። አትሳቅ። ወይም ሳቅ፤ ብትስቅ ደስ ይለኛል።

ልጄን ታስታውሰዋለህ። ለአባትህ አርባ ስትመጣ ግቢው ውስጥ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት እየነዳ የለቀስተኛውን እግር ሲረግጥ የነበረው ነው። አሁን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ስታር ዋርስንም ጀምሯል። የሚያየው ግን እንደ እኛ አይደለም፤ በታሪኩ ቅደም ተከተል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው፣ ከትንሹ አናኪን ተነሥቶ ነው። ያ ጆሮው የተንጠለጠለው ጃር ጃር በሳቅ ያፈርሰዋል፤ አንተ ስሙ ሲነሣ ፊትህን ታዞር እንደነበር ነግሬው አላመነኝም። ባለፈው ቅዳሜ የ1977ቱ ላይ ደረሰ። ሉክ ሽማግሌው ኦቢዋን ቤት ተቀምጦ «አባቴ እንዴት ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ፊልሙን አቆመው። ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አየውና ጠራኝ።

«አባዬ፣ እየው። ቶሎ አልመለሰለትም።»

እውነቱን ነው። ኦቢዋንን የሚጫወተው አሌክ ጊነስ ከመመለሱ በፊት ለአፍታ ዝም ይላል። አንተና እኔ ያን ትዕይንት በቃል እስክንይዘው አይተነዋል፤ ያን ዝምታ ግን አንድም ቀን አላየነውም። ቀድመን ፈርደንበት ነበራ!

ይህም የሆነው በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ምክንያት ነው። ባለቤቱ የ1980ውን ካሴት ከመጀመሪያው በፊት አገኘ፤ እኛም ታሪኩን የጀመርነው ከመካከሉ ነው። ያን ክፍል የምትረሳው አይመስለኝም፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አንድ አግዳሚ ላይ አሥራ ሁለት ልጅ የተጠቀጠቀበት፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። የሚተረጉምልን አሥረኛ ክፍል የደረሰው የባለቤቱ ወንድም ነበር። ቬደር የሉክን እጅ ቆርጦ፣ ልጁ አፋፉ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ያ ጥቁር ጭንብል አንድ ነገር ሲናገር ተርጓሚው ዝም አለ። «ምን አለው? ምን አለው?» ብለን ጮህን። «አባትህ ነኝ ነው የሚለው፤ ግን ሳይሳሳት አይቀርም» አለን።

አባትህ የገቡት ያኔ ነው። ቀበቷቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው እኛን እየገረፉ ሊያወጡ የመጡት ሰውዬ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ማነው ይህ ጥቁር የለበሰው?»

«አባቱ ነው አሉ፣ ጋሼ።»

«አባቱ ከሆነ እጁን ለምን ቆረጠው?»

የመለሰላቸው የለም። ወደ ቤት ስንሄድም አልመቱንም። ሦስተኛው ካሴት ወደ ሰፈራችን እስኪደርስ ዓመት ሙሉ «ዋሽቷል፣ አልዋሸም» ስንባባል፣ አባትህ አንድ ቀን ዓይናቸውን ከጋዜጣቸው ሳይነቅሉ የሰጡት ፍርድ ዛሬም ያስቀኛል፦ «ሰው ‹አባትህ አይደለሁም› ብሎ ይዋሻል እንጂ ‹አባትህ ነኝ› ብሎ አይዋሽም።»

ጋሼ ለቬደር ድምፁን ከሰጠው ሰው ይልቅ ገብቷቸዋል። ጀምስ ኧርል ጆንስ ያን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ «ይህ ሰው እየዋሸ ነው» ብሎ እንዳሰበ ራሱ ተናግሯል። ቀረጻው ላይ ልብሱን የለበሰው ዴቪድ ፕራውስ የተናገረው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ «አባትህን የገደለው ኦቢዋን ነው» የሚል። ምሥጢሩ እንዳይወጣ እውነተኛውን ቃል ዳይሬክተሩ ሉክን ለሚጫወተው ለማርክ ሃሚል ለብቻው የነገረው ሊቀረጹ ሲሉ ነው። እስቲ አስበው፤ በዚያ ፊልም ውስጥ እርስ በርሱ ያልተዋሸ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ከወራት በኋላ የመጀመሪያውን ካሴት ስናገኝ፣ ሽማግሌው ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ቬደር ከድቶ አባትህን ገደለው» ሲል አግዳሚው ላይ ቆሜ «ውሸታም!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለኦቢዋን ሌላ ስም አልነበረኝም። በ1983ቱ ፊልም መንፈሱ ተገልጦ «የነገርኩህ ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ እውነት ነበር» ሲል ደግሞ የባሰ ጠላሁት። አንተ ጠበቃው ነበርክ። ሙግትህን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «መርዶ እኮ ነው! መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው። ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ የሚይዘው ዘመድ ሳይኖር አይረዳም።»

በኋላ ያነበብኩትን ነገር ልነግርህ እየፈለግሁ ሳልነግርህ ቀርቻለሁ። ሊ ብራኬት እ.ኤ.አ. በ1978 ለሁለተኛው ፊልም በጻፈችው የመጀመሪያ ረቂቅ ውስጥ የሉክ አባት ራሱን ችሎ በመንፈስ ይገለጣል፤ ቬደር ሌላ ሰው ነው። ረቂቁን አስረክባ ብዙ ሳትቆይ አረፈች፤ ቬደር አባት ሆኖ የተጻፈው ከእርሷ ረቂቅ በኋላ ነው። እንግዲህ ሽማግሌው በ1977 ልጁን አልዋሸውም ማለት ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው ውሸታም አደረጉት። ወደ ኋላ ተመልሶ መቀየር መቼም ልማዳቸው ነው። በ1997 ሃን ሶሎ ቀድሞ እንዳልተኮሰ አድርገው የጠጋገኑትን ትዕይንት አንተ ይቅር ብለህ ታውቃለህ? «ቀድሞ የተኮሰው ሃን ነው» የሚለው የላክልኝ ካናቴራ የዛሬ ሁለት ዓመት መወልወያ ሆነ፤ አትቀየመኝ።

ያ ዝምታ ታዲያ ከየት መጣ? ጊነስ የሚደብቀው ምሥጢር ገና አልተፈጠረም ነበር። ልጄ ያየው ያልነበረ ነገር ነው፤ ሆኖም እዚያው አለ።

በእኛ አቆጣጠር ወደ ታኅሣሥ 2010 ልምጣ። ሳልመጣበት ልጨርስ አስቤ ነበር።

ጋሼ ሐሙስ ሌሊት አረፉ፤ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ቀበርናቸው። እዚያ አሜሪካ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ዘመዶችህ የንስሐ አባትህን ይዘው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሊያረዱህ ተስማምተው ነበር። እኔም እንዳልነግርህ ተመክሬያለሁ፤ በግዝት ታስሬያለሁ ማለት ይቀላል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አንተ ጋ ገና ዓርብ ሌሊት ነው፣ አባትህ ግቢ ድንኳን ውስጥ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ተቀምጬ ስልኬ ጠራ። ስምህን አየሁ። ተነሥቼ ማድ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ከሲኒማ ቤት ወጥተህ መኪናህ ውስጥ ነበርክ፤ ሰላምታም አልሰጠኸኝም።

«ወረወረው! ሰይፉን እንደ ቆሻሻ በትከሻው ላይ ወረወረው!»

ሉክ በደሴት ላይ መንኖ፣ ሬይ የምትባለው ልጅ የአባቱን ሰይፍ አምጥታ ስትሰጠው ማለትህ ነበር። እኔ ያን ሰሞን የወጣውን ፊልም አላየሁትም። አንተ ትዕይንቱን ትነግረኛለህ፤ እኔ ከአንተው በሰማሁት አንተኑ እከራከርሃለሁ። «ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀውን ቬደርን ‹አሁንም መልካም ነገር አለው› ብሎ ሰይፉን የጣለ ሰው፣ የእኅቱ ልጅ በተኛበት ሰይፍ ይመዝበታል?» አልክ። «መዘዘ እንጂ መቼ መታው? አባቱንስ በእኅቱ ሲመጣበት እጁን እስኪቆርጠው ቀጥቅጦት የለም?» አልኩህ። ደህና መልስ ነበር። ዛሬም አልተውኩትም። ሃሚል ራሱ ከዳይሬክተሩ ከሪያን ጆንሰን ጋር ስለ ሉክ ከመሠረቱ እንዳልተስማማ መናገሩን ታነሣብኛለህ፤ አንሣው። የደከመው፣ የፈራው፣ «ብቀር ይሻላል» ያለው ሉክ ለእኔ ከጀግናው ይበልጥ ሰው ነው። ያን ጠዋት ግን ያከራከረኝ ይህ አልነበረም። ዝም ካልኩ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

በዚህ መካከል አክስትህ ከደብረ ብርሃን ደረሱ። በሩ ላይ «ወንድሜን!» ሲሉ ድምፃቸው አንተ ጋ ደረሰ።

«ምንድን ነው?» አልከኝ።

«ጎረቤት ሠርግ አለ። ድንኳን ጥለዋል።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ በልልኝ» አልክና ወደ ሉክ ተመለስክ።

ድንኳኑ እውነት ነበር። ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ።

ስልኩን ስትዘጋ ለዘመዶችህ መድረሻ አምስት ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበር። አምስት ሰዓት ምን አላት ብዬ ተጽናናሁ። የሩቅ ዘመድ ከሻማ ሥዕል ጋር የጋሼን ፎቶ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ እንደነበር የሰማሁት በማግስቱ ነው። ሰዎቹ ሲደርሱ ልብስህን ለብሰህ ደረጃው ላይ ተቀምጠህ አገኙህ። ለእኔ የደረሰኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በነቢያት ጾም ማን ይዳራል?» ለአርባው መጥተህ እጄን ጨብጠህ አለፍክ። ከዚያ ወዲህ አንተም ዝም፣ እኔም ዝም።

ይህን ሁሉ ዓመት ለራሴ ስከራከር የኖርኩት በአንተ ሙግት ነው። መርዶ በወጉ ነው፣ ያለ ዘመድ አይነገርም፣ ሰሎሞን ራሱ የሚለው ነው እያልኩ። ባለፈው እሑድ ልጄ የ1980ውን አየ። ማታ ፍርፍሩን እየበላ በራሱ ጊዜ «ሽማግሌው መጀመሪያ መዋሸቱ ምንም አይደለም» አለ። «ልጁ ገና ምንም አያውቅማ። ግን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አገኘው! ሞቶም እንኳ እየመጣ ያናግረዋል። ቬደር እስኪነግረው ጠበቀ።» ጎርሶ ቀጠለ።

እኔ መጉረስ አልቻልኩም። የአንተ ቬደር ስልክህ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቅህ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ጆሮህ ነበርኩ። ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚነግርህ እኔ ልነግርህ፣ ሰዎቹ እስኪደርሱ ስልኩን ሳልዘጋ አብሬህ ላለቅስ እችል ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።

ስንት ጊዜ ልደውልልህ ነበር መሰለህ። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጨረሻው ወጥቶ፣ የሬይ ወላጆች ተራ ሰዎች ናቸው ተብለን ከተቀበልን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ የፓልፓቲን የልጅ ልጅ ሆና ስትመጣ፣ ያ የሉክ የእኅት ልጅ ካይሎ ሬንም «አልዋሸሁሽም፤ ተራ ሰው መሆን የመረጡት እነርሱ ናቸው» ሲላት ከወንበሬ ተነሣሁ። አሁንም ከአንድ አቅጣጫ! ጎኔ የተቀመጠው የማላውቀው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024፣ በእኛ ጳጉሜን ላይ፣ ጀምስ ኧርል ጆንስ አረፈ ሲባልም ቁጥርህን አውጥቼ ቆየሁ። መርዶ የማርዳት ወግ አልሆነልህም እንዳትለኝ ፈራሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይህንንም ደብቄህ ነበር።

ጋሼ ከማረፋቸው በፊት በነበረው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ስለ አንተ ካወራን በኋላ ድንገት «ያ እጁን የተቆረጠው ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉኝ። እስከዚያን ቀን አለመጠየቃቸው ገረመኝ። ነገርኳቸው። አባትየው በመጨረሻ ልጁን አድኖ ሊሞት ሲል፣ በገዛ ዓይኔ ልይህ ብሎ ጭንብሉን እንዲያወልቅለት ለመነው፤ ልጁም አወለቀለት፣ ተያዩ፤ አስከሬኑንም ራሱ ልጁ አቃጠለው አልኳቸው። ማቃጠሉን አልወደዱትም። ትንሽ ዝም ብለው «ደረሰለት በለኛ!» አሉ።

«ደረሰለት፣ ጋሼ።»

ትራሳቸውን ላስተካክል ስጠጋ «ሰሎሞንም ለገና ትኬቱን ቆርጧል» አሉኝ።

በዚያው ትኬት ነው ለአርባው የመጣኸው፤ እንዴት አድርጌ ልንገርህ?

ልጄ ሦስተኛውን ለፊታችን ቅዳሜ አስቀምጦታል፤ በእኛ አቆጣጠር ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። አንተ ጋ ጠዋት ይሆናል። በሉክ ጉዳይ የአንተ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

ወንድምህ